እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ፊርማው አይንቀጠቀጥም
(ስለ አሌክሳንደር ቤክ «አዲስ ሹመት» የቀረበ ሂስ)

ስለ ክፉ ሹም የተጻፈ ልብ ወለድ ሞልቷል። ጉቦ ይበላል፣ ድሃ ይበድላል፣ ውስኪ ይጠጣል፣ በመጨረሻው ምዕራፍ ይዋረዳል። አንባቢም «እሰይ! የእጁን አገኘ» ብሎ መጽሐፉን ከድኖ ይተኛል። ስለ ደግ ሹም የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። ሥራውን የሚያውቅ፣ ቀን ከሌት የሚደክም፣ አምስት ሳንቲም የማይነካ፣ ዘመዱን የማይቀጥር ሹም አገር ሊጎዳ ይችላል ወይ? ይህን የሚጠይቅ መጽሐፍ ከጥቂቱም ጥቂት ነው። የሶቪየቱ ደራሲ የአሌክሳንደር ቤክ «አዲስ ሹመት» አንዱ ነውና በዚህ እትም ልንነጋገርበት ወደድን።

«ምነው ይህን መጽሐፍ መረጣችሁ?» የሚለን ቢኖር መልሳችን አጭር ነው። በየሻይ ቤቱና በየመኝታ ክፍሉ የምንሰማው ክርክር አለ። «ፖለቲከኛው ይውጣ፣ ባለሙያው ይግባ። ብረቱን ብረት ለሚያውቅ፣ መንገዱን መንገድ ለሚያውቅ ስጡት፤ አገር ይድናል» ይባላል። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። የማያውቅ ሰው በአዋቂ ወንበር ተቀምጦ የሚያደርሰውን ጥፋት ያየ ሁሉ እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን አሳቡ አዲስ አይደለም። በአንድ ሰፊ አገር ለብዙ ዓመታት ተሞክሯል። ቤክ የጻፈው የዚያን ሙከራ ውጤት ነው ብንል ያስኬዳል።

መጀመሪያ ታሪኩን ባጭሩ። (ዓ.ም. ካላልን በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዋናው ገጸ ባሕርይ አሌክሳንደር ኦኒሲሞቭ የሶቪየት ኅብረት የብረታ ብረትና የነዳጅ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነው። የብረት ማቅለጥ ሙያ ተምሮ፣ ፋብሪካ ውስጥ ሠርቶ፣ ከዚያ በመንግሥት መሰላል ላይ የወጣ ሰው ነው። ስታሊን ከሞተ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከወንበሩ ይነሣና ቲሽላንድ ለምትባል፣ ደራሲው ለፈጠራት የሰሜን አገር አምባሳደር ይሆናል። መጽሐፉ ከዚህ ሹመት ተነሥቶ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሰውየው እንዴት እንደተሠራ ያሳየናል። መጨረሻው ካንሰር ነው።

ኦኒሲሞቭ ከሰማይ የወረደ አይደለም። አብዛኛው ማንነቱ የተቀዳው ከኢቫን ቴቮስያን ነው። ቴቮስያን በ1902 በሹሻ ከተማ ከአርመናዊ ልብስ ሰፊ ቤት ተወለደ። በባኩ አደገ፤ ገና በጉርምስናው የቦልሼቪኮች የኅቡዕ ሠራተኛ ሆነ። በ1921 የአሥረኛው የፓርቲ ጉባኤ ተወካይ ሳለ የክሮንሽታትን መርከበኞች ዓመፅ ለመደምሰስ ከዘመቱት አንዱ ነበር። ከዚያ ወደ ትምህርት ተመልሶ በ1927 ከሞስኮ የማዕድን አካዳሚ ተመረቀ። በኤሌክትሮስታል ፋብሪካ ሠራ፤ ወደ ጀርመን ተልኮም በክሩፕ ፋብሪካ ልዩ ልዩ ብረት ሲቀልጥ ተመለከተ። በ1939 የመርከብ ሥራ ኮሚሳር፣ በ1940 የብረት ኢንዱስትሪ ኮሚሳር ሆነ። በ1949 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ምክትል ሊቀ መንበር ተባለ። በ1956 መጨረሻ ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ በጃፓን አምባሳደር ሆነ፤ በ1958 በካንሰር ሞተ።

የሠራውን መካድ አይቻልም። በ1941 የሂትለር ጦር የዩክሬንን የብረት ፋብሪካዎች ሲይዝ ሊነቀል የሚችለው ማሽን እየተነቀለ ወደ ኡራልና ወደ ሳይቤሪያ ተጓዘ፤ ታንኩ የተሠራበት ብረት የቀለጠው በዚህ ሰው ኃላፊነት ነው። በ1940 አገሪቱ ያቀለጠችው ብረት 18.3 ሚሊዮን ቶን ነበር። በ1945 ወደ 12.3 ሚሊዮን ወርዶ ነበር፤ በ1950 ግን 27.3 ሚሊዮን ደረሰ። ከዚህ ቁጥር ጀርባ እንቅልፍ ያጣ ሰው አለ። ቤክም ይህን አይደብቅም። እንዲያውም የመጽሐፉ ጉልበት ያለው ኦኒሲሞቭን ሰነፍ ወይም ቀጣፊ አድርጎ ባለመሣሉ ነው። ብናከብረው ይፈቅድልናል፤ ካከበርነው በኋላ ነው የሚያስጨንቀን።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እንጠይቅ። ቴቮስያን ኮሚሳር ሲሆን ገና 37 ዓመቱ ነበር። ኮሲጊን ከሌኒንግራድ የጨርቃ ጨርቅ ኢንስቲትዩት በ1935 ተመርቆ በ1939 የጨርቃ ጨርቅ ኮሚሳር ሆነ፤ አራት ዓመት ብቻ! ኡስቲኖቭ በ1934 ተመርቆ በ1941 የጦር መሣሪያ ኮሚሳር ሲሆን 32 ዓመቱ ነበር። «እንዲህ ነው እንጂ ወጣትን ማመን!» የሚል ይኖራል። ወንበሩ ግን ለምን ባዶ ሆነ? ከነሱ በፊት በአመራር ላይ ከነበሩት ሰዎች ብዙዎቹ በ1937 እና በ1938 ስለ ተገደሉ ወይም ስለ ታሰሩ ነው። የቴቮስያን እኅት ባል የነበረው የካዛክስታን ፓርቲ መሪ ሌቮን ሚርዞያን በ1939 ተረሽኗል። እንግዲህ ወጣቱ መሐንዲስ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ወንበሩ ገና ሙቅ ነበር። የባለሙያው መንግሥት የተመሠረተው በዚህ ሙቀት ላይ ነው። ፍርሃትን ሳይጠቅስ ስለዚያ ትውልድ ችሎታ የሚያወራ ሰው የታሪኩን ግማሽ ብቻ ነው የሚያወራው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላል ያገራችን ሰው። ለኦኒሲሞቭ ይህ ተረት አይሠራም። ሲሾም አልበላም፤ ሲሻርም የሚቆጨው ያልበላው አይደለም። የሚቆጨው ሥራው ነው። ከሥራው ውጭ የገነባው ሕይወት ስለሌለ ሲሻር ቤት አልባ ይሆናል። የሽረቱም ዓይነት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ በ1947 ዓ.ም. ከዚያ ሁሉ ሥልጣን ተነሥተው የአርሲ ገዥ ሲባሉ ሹመት ነበር ወይስ ሽረት? ሁሉም ያውቀው ነበር። ሹመት የሚል ልብስ የለበሰ ሽረት ማለት ይህ ነው። የቤክ ርእስም «አዲስ ሹመት» ሲል የሚቀልደው በዚሁ ነው፤ ቀልዱ ግን አያስቅም።

ከመጽሐፉ ሁለት ትዕይንቶች አንባቢን አይለቁም። የመጀመሪያው ስታሊንና ኦርጆኒኪድዜ የሚጣሉበት ነው። ኦርጆኒኪድዜ የከባድ ኢንዱስትሪ ኮሚሳርና ኦኒሲሞቭን ያሳደገው አለቃው ነው። ሁለቱ የሚጣሉት በጆርጂያ ቋንቋ ነው፤ ኦኒሲሞቭ አጠገባቸው ቢኖርም አንዲት ቃል አይገባውም። ድንገት ስታሊን ወደ እሱ ዞሮ «አንተስ ከማን ጋር ነህ?» ዓይነት ጥያቄ ያቀርብለታል። ስለምን እንደሚጣሉ አያውቅም። ሊል የሚገባው «ቋንቋውን አልሰማሁም» ነበር፤ እውነትም፣ ቀላልም ነበር። እሱ ግን ከስታሊን ጋር መሆኑን ይናገራል። አለቀ። ባለሙያው ፖለቲከኛ የሆነው በዚያች ቅጽበት ነው። አንድ መሐንዲስ ያላየውን የብረት ናሙና «ጥሩ ነው» ብሎ ቢፈርም ከሙያው ይባረራል። ያልሰማውን ክርክር «እውነት ነው» ብሎ የፈረመው ግን ተሾመ።

ሁለተኛው ሌስኒኽ የሚባለው ፈልሳፊ ጉዳይ ነው። ሌስኒኽ ብረት በአዲስ ዘዴ ላቅልጥ ብሎ ይነሣል። ኦኒሲሞቭ መርምሮ «አይሆንም» ይላል፤ ምርመራው ትክክል ነው። ስታሊን ግን «ይሁን» ይላል። ከዚያ በኋላ ኦኒሲሞቭ ምን ያደርጋል? ይከራከራል? ወንበሩን ይለቃል? የለም። የማያምንበትን ፋብሪካ በሙሉ ኃይሉ ማሠራት ይጀምራል። አልለገመም፤ አላጭበረበረም። ትእዛዙን የተቃወመው ሰው ራሱ የትእዛዙ ምርጥ ፈጻሚ ሆነ። የተነበየውም ደረሰ፤ ዘዴው የትም አላደረሰም፤ የሕዝብ ገንዘብና ድካም ሜዳ ላይ ቀረ።

ቤክ ለዚህ ሁኔታ ከፓቭሎቭ የፊዚዮሎጂ ትምህርት አንድ ስም ተውሷል፤ በእኛ አፍ «ግጭት» እንበለው። አንድ ሰው ውስጡ የሚነግረውን ትቶ ተቃራኒውን እንዲያደርግ ሲገደድ፣ ሁለቱ ግፊቶች በነርቩ ውስጥ ይጋጫሉ። አንድ ጊዜ ቢሆን ያልፋል። ለሃያ ዓመት ሲሆን ግን ሰውነት ይፈርሳል። የኦኒሲሞቭ ፊት አይለወጥም፤ ድምፁ አይለወጥም፤ ጣቶቹ ግን ይንቀጠቀጣሉ። አፉ ያልተናገረውን ጣቱ ይናገራል። ከመጽሐፉ ምስሎች ሁሉ ለእኛ ትልቁ ይህ ነው።

መጽሐፉ ራሱ ያየው መከራ ሌላ ታሪክ ነው። ቤክ በ1960ዎቹ አጋማሽ ለትቫርዶቭስኪ መጽሔት፣ ለ«ኖቪ ሚር» ሰጠው። የቴቮስያን ባለቤት የባላቸው ስም ጠፋ ብለው አቤት አሉ። ቤክ ኦኒሲሞቭ ሌላ፣ ቴቮስያን ሌላ መሆናቸውን ለማሳየት ቴቮስያንን ራሱን በስሙ መጽሐፉ ውስጥ እስከ ማስገባት ደረሰ። አልጠቀመውም። ልብ በሉ፤ ኮሲጊን ለፋብሪካ ሥራ አስኪያጆች ሰፋ ያለ ነፃነት እሰጣለሁ ያለበትን ማሻሻያ ያወጀው በ1965 ነው። ሥራ አስኪያጁ በራሱ ያስብ ተብሎ በታወጀበት ጊዜ፣ በራሱ ማሰብ ስላቃተው ሥራ አስኪያጅ የሚናገረው መጽሐፍ ታገደ። በ1971 በፍራንክፈርት ታተመ፤ ቤክ በ1972 ሞተ፤ በገዛ አገሩ «ዝናምያ» በተባለው መጽሔት የወጣው በ1986 ነው። ደራሲው አላየውም።

እኛም የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ያነበብን ሰዎች ይህን ታሪክ ስንሰማ ዝም ማለት አይሆንልንም። በ1975 ዓ.ም. ታተመ፤ ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በ1976 ዓ.ም. የገባበት ጠፋ። ሁለቱ መጻሕፍት በይዘት አይመሳሰሉም። በአንድ ነገር ግን ይገናኛሉ፤ ሹም በልብ ወለድ ውስጥ ራሱን ሲያገኝ የሚጠይቀው «እውነት ነው ወይ?» ብሎ አይደለም፤ «ማን ፈቀደለት?» ብሎ ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ። በ1987 ጋቭሪል ፖፖቭ የተባለ የምጣኔ ሀብት ሊቅ «ሳይንስና ሕይወት» በሚለው የሩሲያ መጽሔት ስለዚህ መጽሐፍ ሰፊ ሂስ ጻፈ። «አስተዳደራዊ ሥርዓት» የሚለውን ስም ያስፋፋው ይህ ጽሑፍ ነው። ነጥቡ ባጭሩ ይህ ነው፤ ከላይ አንድ አሳቢ አለ፣ ከታች ፈጻሚዎች አሉ፤ ሥርዓቱ ፈጻሚውን የሚፈልገው ታማኝ፣ አዋቂ፣ ታታሪ፣ ግን የራሱ አቋም የሌለው አድርጎ ነው፤ ፍርሃት ደግሞ ቅባቱ ነው። ኦኒሲሞቭ የዚህ ሥርዓት ፍጹም ልጅ ነው። ሥርዓቱ አዲስ ፈጠራን የሚጠላውም ፈጠራ ከላይ ያልታዘዘ ነገር ስለሆነ ነው።

የፖፖቭ ትንተና ዓይን ገላጭ ነው፤ እኛም ብዙ ተምረንበታል። ግን አንስማማም፤ ያውም በሁለት ነገር።

አንደኛ፣ ፖፖቭ ኦኒሲሞቭን የማሽን ጥርስ ያደርገዋል። ጥርስ ግን አይንቀጠቀጥም። የምጣኔ ሀብቱ ሊቅ ሥርዓቱን አገኘና ጣቱን ረሳው። ሥነ ጽሑፍ የሚያስፈልገን ለዚህ አይደለም እንዴ? ሪፖርቱ «ፋብሪካው ተሠራ» ይላል፤ ልብ ወለዱ ግን «ፋብሪካውን ያሠራው ሰው የሚሠራው ከንቱ መሆኑን ያውቅ ነበር» ይላል። ይህን ዕውቀት ከሰውየው ላይ ካነሣን የቀረን በግዴታው የተገፋ ዕቃ ነው፤ ዕቃ ደግሞ አይጠየቅም።

ሁለተኛው ከዚህ ይቀጥላል። ብዙ አንባቢ መጽሐፉን ሲጨርስ ለኦኒሲሞቭ ያዝናል፤ እኛም አዝነናል። ኀዘኑ ግን ወጥመድ አለው። «ምስኪን! በውስጡ ይቃወም ነበር፤ እጁን አታዩትም?» ማለት እንጀምራለን። አዎ፣ እጁን አይተነዋል። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ፊርማው ግን አይንቀጠቀጥም። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ፊርማው ነው። ለከንቱው ፋብሪካ የከፈለው ሕዝብ የከፈለው በፊርማው እንጂ በጣቶቹ አይደለም። በሽታ ኀዘን ይገባዋል እንጂ ነፃ አያወጣም። ቤክ ይህን ድንበር አንዳንዴ ያደበዝዘዋል፤ ካንሰሩን የግጭቱ ደመወዝ አስመስሎ ሲያቀርበው ሰውየው በሥጋው ዕዳውን የከፈለ ይመስላል። አልከፈለም። እስከ መጨረሻው «ለምን ታዘዝሁ?» ብሎ በግልጽ ራሱን አይጠይቅም።

«ታዲያ ምን ያድርግ? እምቢ ቢል ይረሸናል!» የሚሉን አሉ። ትክክል ነው፤ በዚያ ዘመን እምቢታ ቀልድ አልነበረም። እኛ ከዚህ ሻይ ቤት ሆነን ጀግንነት አናዝለትም። ነገር ግን ቤክ ራሱ መልስ ትቶልናል፤ መልሱ ያለው ቀደም ሲል ከ1943 እስከ 1944 ባወጣው «የቮሎኮላምስክ ጎዳና» ውስጥ ነው። በዚያ መጽሐፍ በ1941 ሞስኮን የሚከላከል አንድ የሻለቃ ጦር አዛዥ፣ ካዛኩ ሞሚሽ ኡሊ፣ ሕይወቱ ሁሉ ትእዛዝ ነው። አለቃው ጄኔራል ፓንፊሎቭ ግን ምን ያደርጋል? ካርታውን ዘርግቶ የበታቹን ይጠይቀዋል፤ እንዲያስብ ያስገድደዋል፤ ወታደርም ቢሆን በአእምሮው መዋጋት እንዳለበት ያስተምራል። ጥይት በሚዘንብበት ሜዳ ለማሰብ ጊዜ ከተገኘ በሞስኮ ቢሮ ውስጥ ምነው ጠፋ? ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ያነበበ ሰው የሚያየው ይህን ነው። ተግሣጽና ታዛዥነት አንድ አይደሉም። ፓንፊሎቭ የበታቹን አሳብ ፈልጎ ይጠይቃል፤ ስታሊን የሚጠይቀው «ከማን ጋር ነህ?» ብሎ ነው። አንደኛው ጥያቄ ሰው ይሠራል፤ ሁለተኛው ፈጻሚ ይሠራል።

መጽሐፉ ጉድለት የለውም አንልም። ጎሎቭንያ የተባለው ደፋር የፋብሪካ ዲሬክተር የኦኒሲሞቭ መቃወሚያ ሆኖ ቀርቧል፤ ግን ጥላ የሌለበት ሰው ስለሆነ ከጋዜጣ የተቆረጠ ይመስላል። ለኦኒሲሞቭ ያን ያህል ትዕግሥት የነበረው ብዕር ለጎሎቭንያ ሲሆን ቸኩሏል። አካዳሚሺያን ቼሊሼቭ ደግሞ ብዙ ያያል፤ ብዙ ያስታውሳል፤ ዝምታው ግን ከኦኒሲሞቭ ዝምታ በምን እንደሚለይ ደራሲው በበቂ አይጠይቅም። ከሁሉ በላይ ግን ቅር ያለን ሌላ ነው። ይህ ስለ ብረት የተጻፈ መጽሐፍ የሚኖረው በአመዛኙ በቢሮና በኮሪደር ነው። እሳት ፊት የሚቆመው ሠራተኛ ድምፁ ሩቅ ነው። «በሠራተኛው ስም» የቆመ መንግሥት ታሪክ ውስጥ ሠራተኛው ከበር ውጭ ሆኖ ሲጠብቅ እናየዋለን። ምናልባት ቤክ ሳያስበው እውነቱን ነገረን፤ ኦኒሲሞቭ ከላይ የሚፈራው አንድ ሰው ነበረው፤ ከታች የሚጠይቀው ግን ማንም አልነበረም።

የክርክሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ይመስለናል። «ባለሙያ ይግባ» የሚለው ትክክል ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ባለሙያ ገባ፤ ከዚያስ? «አይሆንም» ሲል ማን ይሰማዋል? «አይሆንም» ብሎ ከወንበሩ ቢነሣ ወደ ሙያው ተመልሶ እንጀራውን መብላት ይችላል ወይ? የፈረመውን የሚመረምረው ማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ካልተመለሱ ዕውቀት ሥልጣንን አይገራውም፤ ሥልጣን ዕውቀትን ይቀጥረዋል እንጂ። የምሥራቅ ጀርመኑ ኤሪክ አፔልም መሐንዲስ ነበር፤ የፕላን ኮሚሽኑ ሊቀ መንበር ሆነ፤ በታኅሣሥ 1965 ቢሮው ውስጥ በገዛ ሽጉጡ ሕይወቱን አጠፋ። ኦኒሲሞቭን ልብ ወለድ ነው ብለን እንዳናልፈው ይህን ጠቀስን። ፖፖቭ ራሱም ከሂስ ወደ ሥልጣን ተሻግሮ በ1991 የሞስኮ ከንቲባ ሆነ፤ በ1992 ለቀቀ። የእሱ ሥልጣን በምርጫ የመጣ ነበርና ሊለቅ ቻለ። ኦኒሲሞቭ ያጣው ይህንን በር ነው።

መጽሐፉ በአማርኛ ተተርጉሞ አላጋጠመንም፤ ቋንቋ የምታጠኑ ጓደኞቻችን ብትሞክሩት ደስ ይለናል። እስከዚያው ግን አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። ከዚህ ግቢ የምንወጣው ሁላችንም አንድ ቀን የሆነ ወረቀት ላይ እንፈርማለን፤ አንዱ የድልድይ ፕላን፣ አንዱ የፈተና ውጤት፣ አንዱ የበጀት ሰነድ። ያን ቀን የማናውቀውን ነገር «እናውቃለን»፣ የማናምንበትን «እናምናለን» የሚያሰኝ ሰው ፊታችን ይቆም ይሆናል። «ቋንቋውን አልሰማሁም» ማለት አጭር ዓረፍተ ነገር ናት። ኦኒሲሞቭ ያን ሁሉ ብረት ሲያቀልጥ ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር መናገር አልቻለም። እኛ እንችል ይሆን? የማትስማሙ ካላችሁ ጻፉልን፤ በሚቀጥለው እትም ቦታ አለ።